ለአረፋ የተለቀለቀ ቤት

ዓዲላ ቁጭ ብላ የታየችበት ቀን ቢፈለግ ምናልባት የሰርጓ ዕለት ነው። እሱም ቢሆን ሚዜዎቿ ግራና ቀኝ ይዘዋት ነው ይባላል። ከዚያ ወዲህ እግሯ አርፎ አያውቅም። ቆማ ትጎርሳለች፤ እየሄደች ታወጋለች፤ ሰላም ያላት ሰው ሰላምታውን ሳይጨርስ እሷ ሌላ ደጃፍ ደርሳለች። ባሏ ሙሀመድኑር በጨፋ ሜዳ ካሉ ገበሬዎች ሁሉ ረጋ ያለው ነበርና፣ "አላህ ለሁለታችን ያደለውን እርጋታ እኔ ብቻዬን በልቼባታለሁ" እያለ ይስቅባት ነበር።

ቅብጥብጥነቷ ግን ለከንቱ አልነበረም። በከሚሴ ዙሪያ ባሉ መንደሮች ግድግዳ እንደ ዓዲላ አሳምሮ የሚለቀልቅ ሴት አልተገኘም። እበቱን ከአመድ ጋር በእግሯ ታሸዋለች። ነጩን አፈር ከቦርከና ወንዝ ማዶ ካለው ገደል ራሷ ቆፍራ ታመጣለች፤ ቀዩን ከየት እንደምታገኘው ግን ለገዛ ልጇ እንኳ አልነገረችም። ስትጨርስ ግድግዳው ልስልስ ብሎ፣ ከወገብ በታች ቀይ፣ ከወገብ በላይ ነጭ ሆኖ፣ በመስኮቱ ዙሪያ በጣቷ የሳበችው ሐረግ ይዞርበታል። አረፋ ሲቃረብ ሴቶች ተራ ለመያዝ ደጇን ይጠናሉ። ክፍያው እንደየአቅሙ እህል ነው። ዓዲላ ግን ከእህሉ በላይ የምትወደው ሌላ ነገር ነበራት፤ የአረፋ ለት እንግዳው ከቤት ቤት ሲዘዋወር "ይሄስ የዓዲላ እጅ ነው" ሲባል መስማት። ይህን ስትሰማ ምንም እንዳልሰማ ሰው ፊቷን አዙራ ሻሿን ታስተካክላለች።

ሐዘንም አይታለች። ክረምቱ አልፎ ቦርከና ወደ ቦታው ሲመለስ ያፈሰሰውን ውሃ ሁሉ ይዞ አይሄድም፤ ከፊሉ ጨፋ ላይ ተኝቶ ይቀራል። በዚያ ውሃ ላይ ትንኝ ይፈላል፤ ከትንኙ ቀጥሎ ንዳድ ይመጣል። ሁለት ልጆቿን በሁለት የተለያየ መስከረም የቀበረችው በንዳድ ነው። የቀረችላት አንዲት ሴት ልጅ፣ ሰሊማ፣ አድጋ እዚያው መንደር ውስጥ ዩሱፍ የሚባል ልጅ አገባች። የዩሱፍ እናት ኡምኩልሱም ድምጿ ከገበያ የሚሰማ፣ ለጋስ፣ ክብሯንም የማታስነካ ባልቴት ነበረች። ሰሊማ በሚያዝያ ወር ሴት ልጅ ወለደች፤ መሪየም ተባለች። ዓዲላ የልጅ ልጇን ባየች ቁጥር ደስታና ፍርሃት አብረው ይገቡባታል። ሚያዝያ የተወለደ ልጅ መስከረም ሲመጣ ገና ጡት ላይ ነው።

በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የወባ ሰዎች መጡ። ካኪ የለበሱ፣ ፓምፕ በጀርባቸው ያዘሉ ናቸው። የገበሬ ማህበሩ ሊቀመንበር ቀድሞ፣ "ቤቱን ያልከፈተ ይቀጣል" ብሎ አስለፍፏል። ዘመኑ የደርግ ዘመን ነውና በአደባባይ እምቢ ማለት የት እንደሚያደርስ ሁሉም ያውቃል። ሰዉ "እሺ" አለ። ቁርበቱንም እንስራውንም ወደ ውጭ አወጣ፤ የወባ መድኃኒቱ ዲዲቲም ተረጨ። ግድግዳው ነጫጭ ነጠብጣብ ወርዶበት፣ ቤቱ ሁሉ የሚከረፋ ሽታ ያዘ። ሴቶቹ አፍንጫቸውን በነጠላ ይዘው ቆመው አዩ። በልባቸው ግን ሁሉም አንድ ነገር አስበዋል፤ አረፋ ሲደርስ እናስለቀልቀዋለን። ይህን አመፅ ብሎ ያሰበ የለም። በአረፋ እንግዳ በተዥጎረጎረ ግድግዳ መቀበል ነውር ነው፤ ነውር ደግሞ ከሊቀመንበር ይበልጥ ያስፈራል።

ያ አረፋ የዋለው በመስከረም መጨረሻ ነበር። ዓዲላ ገና ዝናቡ ጋብ ሲል ሥራ ጀመረች። ከሁሉ አስቀድማ የለቀለቀችው የሰሊማን ቤት ነው፤ ለመሪየም የመጀመሪያ አረፋ የአያት ስጦታ ይሁን ብላ ያለ ክፍያ ሠራችው። እንዲያ አሳምራ ሠርታ አታውቅም። ኡምኩልሱም ቤቱን እየዞረች አይታ፣ "ወላሂ፣ ይሄንን ቤት ያየ ሰው ሌላ ቤት ሄዶ ምን ሊያይ ነው!" አለችና ዓዲላን ግንባሯን ሳመቻት። ከዚያ የዘይቱናን ቤት ሠራች፤ ከዘይቱና በኋላ ሌሎችም። የራሷ ቤት፣ እንደ ባለሙያ ቤት ሁሉ፣ ወረፋው መጨረሻ ላይ ነበር።

በሁለተኛው የመስከረም ሳምንት የረቢአን ቤት ስትለቀልቅ በሩ ላይ ሰው ጥላ ጣለ። ሐምሌ ላይ ከመጡት የወባ ሰዎች አንዱ፣ የከሚሴው ልጅ ጀይላን ነው። የተረጨው ቤት እንዴት እንደ ሆነ ሊያይ ብቻውን ተልኳል። ፓምፕ አልያዘም።

"አካም ጅርታ፣ እቴ ዓዲላ?" ሲል በኦሮምኛ ደህንነቷን ጠየቃት።

"ፈያ፣ አልሃምዱሊላህ። እንዳትደገፈው፣ እርጥብ ነው!"

ጀይላን ግድግዳውን አየ። ግማሹ ተለቅልቋል፤ ግማሹ ገና እንደ ተረጨ ነው። "ያምራል" አለ። "ወላሂ ያምራል። ግን እቴ፣ ትንሽ ታኢ እስቲ። ቁጭ በይና ላናግርሽ።"

"ቆሜም ይሰማኛል። እጄ እንዳይደርቅብኝ ቶሎ በል።"

"ትንኟ ማታ የተኛ ሰው ደም ትመጥጣለች አይደል? ስትጠግብ ትከብዳለች፤ ርቃ መብረር አትችልም። እዚያው ያለው ግድግዳ ላይ ታርፋለች። እኛ ግድግዳ የምንረጨው ለዚያ ነው። ስታርፍ መድኃኒቱ ነክቷት እንድትሞት። አሁን አንቺ መድኃኒቱን በእበት ደፈንሽው። በንጹሕ ግድግዳ ላይ አርፋ፣ ጉልበቷ ሲመለስ ወደሚቀጥለው ልጅ ትሄዳለች።"

ዓዲላ ሳቀች። ሳቋ ግን መሃል ላይ ቆመ። "ያ ሐምሌ የተረጨው ነገር እስካሁን ይሠራል?"

"ያልተነካ እንደ ሆነ እስከ ታኅሣሥ ይሠራል።"

"እበቱ ቢፋቅስ?"

"መድኃኒቱም አብሮ ይወርዳል።" ጀይላን ድምፁን ዝቅ አደረገ። "አዋቂ ሰው ይንቀጠቀጥና ይነሳል፤ ሕፃን ግን አይችለውም። ይህ ወር እስኪያልፍ፣ ቀጥሎ ያለውም እስኪያልፍ፣ ትንንሾቹ ያልተለቀለቀ ቤት ይደሩ። ያተኮሰው ልጅ ካለ ደግሞ ነገ ዛሬ ሳትሉ ከሚሴ ሐኪም ቤት አድርሱት፤ ክኒኑ አለ። ከማደሩ በፊት ነው እንጂ ካደረ በኋላ ማን ያውቃል።"

ዓዲላ ከዚያ በኋላ የተናገረውን አልሰማችም። አንድ ነገር ብቻ ነበር የታያት፤ በዚያ ሁሉ ሰው ባደነቀው ቤት ውስጥ፣ እሷ በለሰነችው ግድግዳ ሥር የምትተኛው መሪየም። እጇን በእርጥብ ሣር ጠረገችና፣ ጀይላን ሲሄድ ከውሃ የተመለሰችውን ረቢአን "ቀሪውን ነገ" ብላት ወጣች። ረቢአ ልጇን በጀርባዋ እንዳዘለች በሩ ላይ ቆማ፣ "ኧረ ዓዲላ! ግማሹን አልብሰሽ ግማሹን ራቁቱን ትተሽው ነው የምትሄጂው?" ብላ ጮኸች። ዓዲላ ዘወር ሳትል መንገዱን ያዘች።

እሑድ የሰንበቴ ገበያ ነው። የወባ ሰዎች ሁሉ አሁን ወደዚያ ተሻግረዋል ሲባል ሰምታ በእህል መኪና ላይ ከነጋዴ ጋር ተጭና ሄደች። ከግመሉና ከከብቱ፣ ከአፋሩና ከደገኛው መሃል እየተጋፋች፣ ያገኘችውን ካኪ ለባሽ ሁሉ እየጎተተች፣ በመጨረሻ አለቃቸውን አገኘችው። አንድ ቤት፣ አንዲት ትንሽ ቤት ብቻ ዳግመኛ እንዲረጭላት ለመነችው። ሰውየው ክፉ አልነበረም። "እህቴ፣ የመጣው መድኃኒት ለዚህ ወረዳም አይበቃ። ገና ያልተረጨ መንደር አለ፤ ከእነዚያ ልጆች ቀምቼ ልስጥሽ?" አላት። ለራሷ ልጅ ስትል ለሌላው ልጅ መድኃኒቱ አይሰጥ ማለት አፏ እምቢ አላት። በመጣችበት መኪና ተመለሰች። መንገዱን ሁሉ ስትቁነጠነጥ አጠገቧ የተቀመጠ ፍየል ነጋዴ፣ "ሴትዮ፣ ፍየሎቼ ከአንቺ ይሻላሉ" አላት።

ያለው መንገድ አንድ ነው። መሪየምን ወዳልተለቀለቀው ወደ ገዛ ቤቷ መውሰድ። በማግሥቱ ወደ ኡምኩልሱም ሄደችና እንደ ቀላል ነገር አድርጋ፣ "ሰሊማና ልጅቱ ዘንድሮ አረፋን እኔ ዘንድ ቢያሳልፉስ?" አለች።

ኡምኩልሱም እጇ ላይ የነበረውን ሰፌድ አስቀመጠች። "ምን አጠፋን?"

"ኧረ ምንም! አንቱ ደግሞ።"

"አረፋ ሲቃረብ ከባሏ ቤት የወጣች ሴት ሰው ምን ይላታል? ተጣልታ ወጣች፣ ተፈታች ይላታል። እንዲያውስ እንዲህ ባማረ ቤት እንግዳ ሲመጣ የቤቱ እመቤት ትጥፋ? አይሆንም፣ ዓዲላ። ተይኝ።"

እውነቱን መናገር ነበረባት። እስከ ጥርሷ መጣ፤ ከዚያ አላለፈም። የኡምኩልሱም አፍ የሰማውን አያሳድርም። እስከ ማታ መንደሩ ሁሉ "የዓዲላ እጅ ልጅ ያሳምማል" ሊል ነው። በዚያ አገር እጇ አይበጅም የተባለች ሴት ቤት ለመለቅለቅ ይቅርና ለሰርግም አትጠራም። ሁለት ልጆቿ መሞታቸውን አንስቶ ከዚህ ጋር የሚያገናኝም አይጠፋም። ዓዲላ ይህን አሰበችና ፈራች። ፈሪ ሆና አታውቅም ነበር፤ አሁን ግን ፈራች።

ወደ ቤት ስትመለስ ግን ዘዴው ተገለጠላት። የታመመች እናት ካለች ልጅ ሄዳ ታስታምማለች። ይህ ነውር የለውም፤ አለመሄዱ ነው ነውሩ። ሙሀመድኑርን ጠርታ፣ "ታምሜያለሁ። ጎኔን ወግቶኛል። ሂድና ለሰሊማ ንገር" አለችው።

"መቼ ታመምሽ?"

"አሁን። ሂድ ስልህ!"

ሙሀመድኑር የግድግዳውንም የልጅቱንም ነገር ሲሰማ ጢሙን ሲያሻሽ ቆየ። "ውሸቱስ ይሁን" አለ በመጨረሻ፣ "እንዴት አድርገሽ ነው የምትተኚው?"

ጥያቄው ልክ ነበር። ሰሊማ መሪየምን አዝላ በዚያው ቀን መጣች። ኡምኩልሱም ራሷ ነች "ሂጂ፣ እናትሽን አስታሚ፤ የቤቱን ነገር ለእኔ ተይው" ብላ የላከቻት። ዓዲላ ያንን የተዥጎረጎረ፣ የሚከረፋ ግድግዳዋን አየች፤ ልጅቱም በሥሩ ተኝታ አየች፤ ልቧ አረፈ። ልብ ቢያርፍ እግር አያርፍም። ቁርበት ላይ ተጋድማ የጣራውን ማገር ስታይ ትውላለች። ሰሊማ እንስራ ስትጭን "እንደሱ አይደለም!" ብላ ብድግ ልትል ትልና ጎኗን ይዛ "ወይኔ" ትላለች። ሰሊማ ውሃ ስትወርድ ደግሞ ፈጥና ተነስታ ቤት ትጠርጋለች፣ ማሽላ ትለቅማለች፣ ሲመጡባት ዘልላ ትተኛለች። ሰሊማ ሲመሽ፣ "አባ፣ ይሄ ቤት በራሱ ይጠረጋል እንዴ?" ብላ ጠየቀች። ሙሀመድኑር ከሳቁ የተነሳ ወደ ውጭ ወጣ።

የከፋው የጠያቂ ነገር ነው። ዓዲላ ታማለች ሲባል ያመነ አልነበረም፤ ካመነ በኋላ ግን ሁሉም ደነገጠ። ይህቺ ሴት ከተኛች ነገሩ ከባድ ነው ብሎ መንደሩ ሁሉ ጎረፈ። አጥሚት ያላመጣ፣ ዶሮ ያላመጣ የለም። ሸህ ኑርሁሴን ከቁርኣን ተማሪ ደረሶቻቸው ጋር መጥተው ዱዓ አደረጉላት። ሰዉ እጁን ዘርግቶ "አሚን" ሲል ዓዲላ ፊቷን በጋቢ ሸፈነች። እውነትም ላብ አጥምቋት ነበር። "ትኩሳቱም ተነሳባት" አሉ ሴቶቹ።

ረቢአም ልጇን አዝላ መጣች። "ግድግዳው አያሳስብሽ" አለቻት እጇን ይዛ። "አንቺ ብቻ ዳኚልኝ። የቀረውን ግማሽ እኔው እንደምንም እጨርሰዋለሁ።"

ዓዲላ ከትራሷ ቀና አለች። "ተይው! አትጨርሽው!"

"እንዴት ልተወው? አረፋ ደረሰ እኮ።"

"እኔ... ስድን እሠራልሻለሁ።"

"አብሽሪ እናቴ፣ አንቺ ነፍስሽን አድኚ።" ልጁ በእናቱ ትከሻ ላይ ሆኖ ዓዲላን አፍጥጦ ያያታል። ዓዲላ ዓይኗን ከእሱ አሸሸች። ቢናገሩት አንድ ቃል ነው። ቃሉ ሲወጣ ግን አለመታመሟም አብሮ ይወጣል፤ ኡምኩልሱም በውሸቱ ተቆጥታ ትመጣለች፤ መሪየምን ይዛ ወደዚያ ቤት ትሄዳለች። ጥቂት ልጠብቅ፣ አረፋ ይለፍ፣ ከዚያ እነግራቸዋለሁ አለች በልቧ። ትንኟ አረፋ እስኪያልፍ እንደማትጠብቅ እያወቀች ነው ይህን ያለችው፤ ራሷንም ጠላች።

ከጠያቂዎቹ ሁሉ ያልመጣችው ዘይቱና ነበረች። ዘይቱና ደግሞ ሰው ታሞ የምትቀር ሴት አይደለችም። በዓሉ ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ረፋድ ላይ፣ ሙሀመድኑር ከማሳ ሲመለስ ዓዲላ ስለ እሷ ጠየቀችው።

"ልጇ በትኩሳት ነዶባት ነው" አለ። "ከትናንት ጀምሮ። ባሏ ባቲ ገበያ ወርዶ አልተመለሰም። ዛሬም ካልበረደለት ነገ ወደ ከሚሴ እወስደዋለሁ ትላለች።"

ዓዲላ ከቁርበቷ ተነሳች። እየዘለለች አይደለም፤ ቀስ ብላ ነው የተነሳችው፤ ሙሀመድኑር ሚስቱን እንዲያ ቀስ ብላ ስትነሳ አይቶ አያውቅም። ሰሊማ መሪየምን እያጠባች ነበር። ዓዲላ ሁለቱን አየቻቸው። ከዚህ በር ከወጣች ያ ሁሉ ውሸት ማለቁ ነው፤ የልጅ ልጇም ማታ የት እንደምታድር አይታወቅም። ካልወጣች ደግሞ ዘይቱና "ነገ" ትላለች። ያንን "ነገ" ዓዲላ ታውቀዋለች። እሷም ሁለት ጊዜ ብላዋለች።

"እማ፣ ጎንሽስ?" አለች ሰሊማ።

"ጎኔ ደህና ነው። ድሮም ደህና ነበር። ከዚህ ቤት ልጅቱን ይዘሽ እንዳትወጪ፤ አባትሽ ይነግርሻል" አለችና ነጠላዋን አንስታ ወጣች።

በመንደሩ መሃል ስትሮጥ ያዩዋት ሴቶች "ቢስሚላህ!" ብለው አፋቸውን ያዙ። ዱዓ የተደረገላት፣ ትሞታለች ተብሎ የተፈራላት ሴት በፀሐይ ትሮጣለች። ዘይቱና ቤት ስትደርስ ልጁ ዓይኑ ተገልብጦ፣ ከንፈሩ ደርቆ ተኝቷል። ከበላዩ ሐረጉ መስኮቱን ይዞራል። ዓዲላ ልጁን አንስታ በጀርባዋ አዘለችው።

"ዓዲላ! ታመሻል አይደል እንዴ?"

"አልታመምሁም። ልጅሽን ያሳመምሁት እኔ ነኝ፤ በመንገድ እነግርሻለሁ። ከሚሴ እንሄዳለን። አሁን!"

ዘይቱና ነገሩ ባይገባትም ተከተለቻት። ከመንደሩ ሊወጡ ሲሉ መንገዱ ላይ ኡምኩልሱም መጣች። የታመመችውን ልትጠይቅ ነው፤ በእጇ በአገልግል የተያዘ ዶሮ አለ። የታመመችው ሴት፣ ልጅ አዝላ፣ ላብ በላብ ሆና፣ በሩጫ ስትመጣባት ስታይ መንገዱ መሃል ቆመች።

"ዓዲላ?"

"እቴ ኡምኩልሱም፣ ዋሽቻችኋለሁ።" ዓዲላ ትንፋሽ ሳትወስድ ሁሉንም ዘረገፈችው። መድኃኒቱን፣ እበቱን፣ የሰሊማን ቤት፣ የውሸት በሽታውን። "የዚያ ቤት ግድግዳ መሪየምን አይጠብቃትም። እንዳይጠብቃት ያደረግሁት እኔ ነኝ። እፈሩብኝ፣ ስደቡኝ፣ ለመንደሩ ሁሉ ንገሩ፤ ልጅቱን ብቻ ወደዚያ አትመልሷት። አሁን አሳልፉኝ፤ ይሄ ልጅ እየነደደ ነው።"

ዘይቱና በዚህ ጊዜ ነው ነገሩ የገባት። ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎረሰችና አለቀሰች። ኡምኩልሱም አላለቀሰችም፤ አልጮኸችምም። ፊቷ ግን ጠቆረ። ለዚያ ቤት ስንት ጉራ ነዝታለች፤ ስንት እንግዳ ጠርታለች። ለሐሰት ሕመምም ዶሮ አሳርዳለች።

"ስንት ቤት ለቀለቅሽ?" አለች።

"አምስት ያህል። ግማሹ የቀረ የረቢአ ቤትም አለ።"

"ሕፃን ያለባቸው?"

"ሁሉም።"

ኡምኩልሱም አገልግሉን መሬት ላይ አኖረችና ጀርባዋን ሰጠች። "ልጁን ወደ እኔ አዙሪው። ከሚሴ እኔና ዘይቱና እናደርሰዋለን። አንቺ ተመለሽና እነዚያን ቤቶች ዙሪ።"

"መሪየምስ?"

"ካለችበት ማን ያነቃንቃታል? አዙሪው ነው የምልሽ! ምን ትቆሚያለሽ፣ አንቺ ደግሞ ዛሬ መቆም አማረሽ?"

ዓዲላ ልጁን ወደ ኡምኩልሱም ጀርባ አዞረችው፤ ነጠላውን አሰረችላት። የዚያ ልጅ ነገር አንባቢን እንዳያስጨንቅ ከወዲሁ ይነገር፤ ደርሷል፣ ክኒኑን ውጧል፣ ድኗልም። ከዚያም አልፎ አድጎ ለእናቱ ራስ ምታት የሆነ ልጅ ነው። ያን ሰዓት ግን ይህን የሚያውቅ ማንም አልነበረም። አሮጊቷ ጎብጣ፣ ዘይቱና ከኋላዋ እያለቀሰች፣ ወደ ከሚሴ ወረዱ።

ዓዲላ ወደ መንደር ተመለሰች። የምታልፍባቸው ሴቶች ከየደጃፉ ብቅ እያሉ፣ "ኧረ ዳንሽ?" ይሏታል። አንዷ ደስ ብሏት እልል አለች። ሰው ሁሉ ስለ እሷ ደስ ያለው ቀን ስሟን በገዛ አፏ ልታጠፋ መሄዷ ነው። ወደ ረቢአ ቤት ስትቀርብ ተመልሼ ነገ ብመጣስ የሚል ሐሳብ መጣባት። ያንኑ "ነገ" አውቃው ፈጥና በሩን ገፋችው።

ረቢአ እጇ እስከ ክርን እበት ነው። ከቀረው ግድግዳ ላይ ከፊሉን ለቅልቃለች፤ አንዱ ቦታ ወፍሮ፣ አንዱ ቦታ ሳስቶ፣ ሐረጉ ተጣሞ። ልጇ ከግድግዳው ሥር በቁርበት ላይ ተኝቷል።

"ተነሳሽልኝ! አልሃምዱሊላህ!" ብላ ልታቅፋት ቃጣችና እጇን አይታ ተወችው። "ነይ እስቲ፣ አስተካክይልኝ። ስለፋ ዋልሁ፤ እንዳንቺ እጅ አልሆን አለኝ።"

"እንደኔ እጅ አይሁን" አለች ዓዲላ። "ስለ እጄ ልነግርሽ ነው የመጣሁ። የወባ ሰዎች የረጩትን መድኃኒት በዚህ በእጄ ደፍኜዋለሁ። የዘይቱናን ቤት ደፍኜዋለሁ፤ ልጇ ንዳድ ይዞት ወደ ሐኪም ቤት እየወሰዱት ነው። የገዛ ልጄን ቤት ደፍኜዋለሁ። የአንቺን ግማሽ ደፍኜዋለሁ። ካወቅሁ ቆይቻለሁ፤ መጥተሽ ስትጠይቂኝም አውቅ ነበር፤ ሰው ምን ይለኛል ብዬ ዝም አልሁሽ። ልጅሽን ይዘሽ ዛሬውኑ እኔ ቤት ግቢ። ከፈለግሽ እዚያ ሆነሽ ስደቢኝ።"

ረቢአ ቀይና ነጩን ግማሽ አየች፤ ነጠብጣቡ የቀረበትን ጥግ አየች። ከዚያ እጇን ሳትታጠብ ልጇን ከግድግዳው ሥር አነሳች።